ተኝቶ ደህና ይተነፍሳል፣ ሲቀመጥ ግን ያጥረዋል፤ ምን እናድርግ?

እህቱ ነኝ (ደብረ ብርሃን)፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። ከአራት ወር በፊት ሥራ ላይ ከፎቅ ወድቆ አንገቱ ላይ ህብለ ሰረሰሩ ተጎዳ፤ ወረቀቱ ላይ «ሲ6» (የአንገት 6ኛ) ይላል። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ቤት ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ግራ የገባኝ ነገር፣ በጀርባው ሲተኛ ትንፋሹ ደህና ነው፤ ዊልቸር ላይ ስናስቀምጠው ግን ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ጠያቂው ሁሉ ደግሞ «ቀና አድርጉት፣ ይቀለዋል» ይለናል። አክታውም ጉሮሮው ላይ ይከረክራል እንጂ አይወጣለትም። ከሆስፒታል ስንወጣ ባለ ሦስት ኳሷን የትንፋሽ መለማመጃ ፕላስቲክ ሰጥተውን ነበር፤ ቢነፋ ቢነፋ አንዷም አትነሳም። የምታውቁ እባካችሁ።

አባ መላ፦ የባህር ዛፍ ቅጠል አፍልታችሁ በጋቢ ሸፍናችሁ አጥኑት። አክታ ለማላላት የሚያህለው የለም።

ባለ ዊልቸሩ፦ እህቴ፣ ያቺ ኳስ አትነፋም፤ ትሳባለች! አትፈሪ፣ እኔም ሳምንት ሙሉ ስነፋባት ከርሜ ነው አንዲት ተማሪ የነገረችኝ። ጣቱ ስለማይጨብጥ አንቺ ያዢለት። አፉን ግጥም አድርጎ ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ኳሷ ስትነሳ ሦስት አራት ሰከንድ ያቆያት፣ ከዚያ ይልቀቅ። በኃይል ስቦ ሦስቱንም ከማስዘለል አንዷን ማቆየት ይበልጣል። አምስት ስድስት ጊዜ ስቦ ይረፍ፣ አለዚያ ያዞረዋል።

አባ መላ፣ ቅር አይበልህና እጥነቱ ለኛ አደጋ ነው። ከደረት በታች አይሰማንም። እኔን ሲያጥኑኝ ድስቱ ጭኔን ነክቶት ኖሮ፣ ቆዳዬ ተልጦ ነው ያየነው። ሰባት ወር በሆዴ አስተኛኝ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦ ስለ መቀመጡ። ድያፍራምን፣ ማለት ከሳንባ ሥር ያለውን ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያዘው ነርቭ የሚነሳው ከአንገት 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ ላይ ነው። የወንድምሽ ጉዳት ከዚያ በታች ስለሆነ ድያፍራሙ ይሠራል፤ በጎድን አጥንቶቹ መሃል ያሉት ጡንቻዎችና የሆዱ ግን ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ሲተኛ የሆድ ዕቃው ድያፍራሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ አየር ሲስብ የሚወርድበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሲቀመጥ ሆዱ ወደ ፊት ይዘረገፋል፣ ድያፍራሙም አስቀድሞ ወርዶ ይጠብቃል። ጠያቂዎቻችሁ የሚሉት ለአስምና ለልብ ሕመምተኛ ልክ ነው፤ እሱ ላይ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህ ማለት ግን አይቀመጥ ማለት አይደለም። የሚለጠጥ የሆድ ቀበቶ ግዙለት። ተኝቶ ሳለ ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ በታች እስከ ዳሌው ይታሰር፣ ከዚያ ይቀመጥ፤ ሲተኛ ይፈታ። አራስ በነጠላ እንደምትታሰረው ነው፣ ነጠላ ግን አይለጠጥም። ጎድን አጥንቱ ላይ ከወጣ መልሶ ያፍነዋል። ከሥሩ ያለውን ቆዳ በየቀኑ እዪ።

ሳል ደግሞ የሆድ ጡንቻ ሥራ ነው፤ ስለዚህ አንቺ ሆዱ ትሆኚለታለሽ። በጀርባው ይተኛ፤ መዳፍሽን ከእምብርቱ በላይ አድርጊ፣ የደረት አጥንቱን ጫፍ አትንኪ። ሁለቴ በረጅሙ ተንፍሶ በሦስተኛው ሲስል፣ ከሳሉ እኩል ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፊ። በልቶ ወዲያው አይሆንም። አንገቱ ገና ስለሆነ ግን ቀዶ ጥገናውን የሠራለትን ሐኪም ሳትጠይቂ አትጀምሪ፤ መጀመሪያም ባለሙያ እጅሽን ይዞ ያሳይሽ።

ነርስ ከሜሪላንድ፦ ሲለማመድ ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው፣ አቁሙ። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውን ፍቱ፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፤ ደም ግፊቱ እየወጣ ይሆናል። ቶሎ ካልተወው ወደ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ የአክታ ቀለም መለወጥ፣ የከንፈር መጥቆር፣ ወይም የአንድ እግር ማበጥና ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ካያችሁም ለነገ አትበሉ። በየጠዋቱ ተቀምጦ በአንድ ትንፋሽ ስንት እንደሚቆጥር ጻፉ። ቁጥሩ ከወረደ አንድ ነገር አለ።

እህቱ ነኝ፦ ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ፣ ተባረኩ። የኳሷን ነገር ስነግረው «ሁለት ወር ሙሉ ፊኛ ስነፋ ኖሬያለሁ» ብሎ ሳቀ። ሐኪሙ ኤክስሬዩን አይቶ ፈቀደልን። ቀበቶውን አስሮ መጀመሪያ ቀን 11 ቆጠረ፤ ዛሬ 17። ጭሱ እንዳያፍነው ከሰሉን በረንዳ አውጥተነዋል፤ የእማዬን እጣን ግን አልቻልኩትም። ሳሉም ላይ ጊዜው አልገጥም አለኝ፣ ቀድሜ እገፋለሁ።

ባለ ዊልቸሩ፦ እጅሽን ሳይሆን ትከሻውን እዪ። ከፍ ብሎ ቆም ሲል፣ ያኔ ነው። እጣኑን በተመለከተ፣ እኔ እናቴን ዘጠኝ ዓመት ለመንኳት። አሁን ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ታጨሳለች።