በ2,340 ቃል የጻፍኩትን ታሪክ እንዴት ወደ 1,000 ቃል ላውርደው?

ጀማሪ ብዕር (ጠያቂ)

ክቡራን የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለአንድ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር የሚሆን ታሪክ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ይሁን እንጂ በማስታወቂያው ላይ የተቀመጠው ወሰን 1,000 ቃል ሲሆን የእኔው 2,340 ሆኖብኛል። ታሪኩ በአንድ የመንግሥት መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ሆነው ሲያገለግሉ ስለ ኖሩ አባትና ስለ ልጃቸው ስለ ሰናይት ነው። አባትየው ሞተው አርባቸው ከወጣ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለሥራ የሰጣቸው ወፍራም ካፖርት እንዲመለስ ይጠይቃል፤ ሰናይት ግን ለመመለስ ልቧ እንቢ ይላታል።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ቅጽል እየነቀልኩ፣ «በጣም» እና «እጅግ» የሚሉትን እያወጣሁ ብደክም 1,910 ላይ ቆምኩ። አባትየው ከገጠር እንዴት እንደ መጡ፣ እንዴት እንደ ተቀጠሩ፣ ከሰናይት እናት ጋር በምን ምክንያት እንደ ተለያዩ የሚተርከው ክፍል ብቻውን 800 ቃል ይይዛል። እሱን ባወጣው ደግሞ አንባቢው ለማያውቃቸው ሰው የሚያዝን አይመስለኝም። መክፈቻዬ እንዲህ ይላል፦

«አባቷ ከሞቱ በኋላ በሐዘን ተሰብራ የነበረችው ሰናይት በአንድ ቀዝቃዛ የሐምሌ ወር ጠዋት ላይ ከአልጋዋ ተነሥታ ወደ አባቷ ክፍል ቀስ ብላ ገባችና የአባቷን አሮጌ ካፖርት ከተሰቀለበት ቦታ ላይ አወረደችው።»

አንድ ወዳጄ «ቤተ ሰብ፣ ብድግ አለ የሚሉትን እያጣበቅህ ጻፍ፤ ቍጥሩ ራሱ ይወርድልሃል» ብሎ መክሮኛል። ይህስ ያዋጣ ይሆን? ምክራችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አራሚዋ

ጤና ይስጥልኝ። የሰው ጽሑፍ በማረም ብዙ ዓመት ስቀመጥ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ቃል በቃል የተለቀመ ታሪክ አንድ አምስተኛ ያህል ቢቀንስ ነው፤ እርስዎም የደረሱበት ልክ ይኸው ነው። ከዚያ በታች የሚወርደው ሙሉ ትዕይንት ሲወጣ ብቻ ስለሆነ፣ ቅጽል መንቀሉን እዚህ ላይ ቢያቆሙት መልካም ነው።

መክፈቻዎን ቈጠርኩት፤ 28 ቃል ነው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

«ሐምሌ ነው። ሰናይት የአባቷን ካፖርት ከምስማሩ አወረደችና ለበሰችው፤ እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነ።»

ይህ 11 ቃል ነው። ሐምሌ ካልን ብርዱን መጥቀስ አያስፈልገንም፤ ካፖርት ያወረደች ሴት ከአልጋዋ መነሣቷም የታወቀ ነው። ማዘኗን በስሙ አልጠራነውም፤ ነገር ግን እጅጌው ጣቶቿን ሲሸፍን አባትየው ትልቅ ሰው እንደ ነበሩና እሷ በልብሳቸው ውስጥ ልጅ ሆና እንደ ቀረች አንባቢው በራሱ ያየዋል። የቀነስነው 17 ቃል ነው፤ የተጨመረው ግን በመጀመሪያው ጽሑፍ ያልነበረ ነገር ነው።

አሁን ወደ 800ው ቃል እንምጣ። እሱን የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይክተቱት። ሰናይት እጇን ስትሰድ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎና የእናቷን ጉርድ ፎቶግራፍ ታውጣ፤ የፎቶግራፉ ፊት በጣት ብዛት የነጣ ይሁን። ባልና ሚስቱ የተለያዩበትን ምክንያት አንባቢው ባያውቀው አይጐዳም፤ ሰውየው ሌሊት ሌሊት በፋኖስ ሥር ምን ሲያዩ እንደሚያድሩ ካወቀ ይበቃዋል።

የቀድሞ የአማርኛ መምህር

የአራሚዋ ምክር ላይ የምጨምረው የቋንቋውን ጠባይ የሚመለከት ነው። ስለ ቃል ቍጥጥር የምናነባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው የተዘጋጁ ናቸውና ልካቸው ለእኛ አይሆንም። «አልመለሰችላቸውም» የሚለውን ብንወስድ፣ ባለቤቷ ሴት መሆኗን፣ ድርጊቱ ያለፈና ያልተፈጸመ መሆኑን፣ እንዲሁም ያልተመለሰላቸው ሰው የሚከበሩ ወይም ብዙ መሆናቸውን ይህ አንድ ግሥ ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ በአማርኛ 1,000 ቃል ማለት በጣም ሰፊ ቤት ነው። በየዐረፍተ ነገሩ «እሷ»፣ «እሱ»፣ «እኔ» እያልን የምንደረድረው፣ ግሡ የተናገረውን ሁለተኛ መናገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በምልልስ ላይ ነው። «ካፖርቱን ይዘሽ መጣሽ?» «አዎን ጋሼ፤ ይቍጠሩት።» ብለው ቢጽፉ፣ ጠያቂው በዕድሜ የሚበልጥ ወንድ፣ መላሿም ወጣት ሴት መሆኗን ከ«ሽ»፣ ከ«ጋሼ» እና ከ«ይቍጠሩት» አንባቢው ያውቃል። «አሉ ሽማግሌው»፣ «ስትል መለሰችላቸው» የሚለው ሁሉ ይወጣል። ታሪክዎ ምልልስ የሚበዛበት ከሆነ በዚህ ብቻ ከመቶ ቃል በላይ ሊያተርፉ ይችላሉ።

ስለ ማጣበቁ ግን ወዳጅዎ አልመከሩዎትም ብል ይቅር ይበሉኝ። «ቤተሰብ» ብሎ ገጥሞ መጻፍ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይቃወመውም፤ «ብድግአለ»ን ያየ ዳኛ ግን ጽሑፉን አስቀምጦ ጸሐፊውን መታዘብ ይጀምራል። ባዶ ቦታን ብቻ እየቈጠረ የሚሠራ ፕሮግራም በሁለት ነጥብ (፡) የተለያዩ ቃላትን ያለ ክፍተት ካገኘ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ሊቈጥረው ይችላል፤ ይህንንም እንደ ብልሃት የሚጠቀሙ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ፈገግ አሰኝተውኛል፤ ማርክ ግን አላገኙም።

በነገራችን ላይ፣ በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት (መስመር) ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ከሚባለው የቅኔ ዓይነት ሲሆን፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው በኋላ ነው። ቅኔውን ማዘጋጀት ራሱ «ቅኔ መቍጠር» ይባላል። ልክን ጠብቆ መናገር ለእኛ አገር ሰው ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም።

የሌሊት አንባቢ

እኔ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ትንሽ እለያለሁ። ባለ 2,340 ቃሉን ታሪክ አይንኩት፤ ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡት። የአንድን ሰው ዕድሜ የሚተርክ ጽሑፍ ቢጨመቅ ማጠቃለያ ይሆናል እንጂ አጭር ልብ ወለድ አይሆንም። ለውድድሩ ግን ከዚያው ታሪክ አምስት ደቂቃ ብቻ መርጠው አዲስ ይጻፉ።

አምስቱ ደቂቃ ለእኔ የንብረት ክፍሉ መስኮት ነው። ሰናይት ካፖርቱን ይዛ ቆማለች፤ ንብረት ተረካቢው ሞዴል 19 የሚባለውን የንብረት መረከቢያ ቅጽ አውጥተው «ካፖርት፣ ያገለገለ፣ ብዛት 1» ብለው ይጽፋሉ። የአባቷን ሃያ ዓመት አገልግሎት በሦስት ቃልና በአንድ ቍጥር የሚዘጋ ሌላ ሰው እዚያው መስኮት ውስጥ አለልዎት። ከዚህ የተሻለ የታሪክ መነሻ ከየት ይመጣል? ቅጹ ራሱ ስለ ሰውየው ምንም ስለማይናገር አንባቢው የጐደለውን ሁሉ ሊሞላ ይቸኵላል።

ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሕክምና ተማሪ ሳለ ለአንድ የፒተርስበርግ ሳምንታዊ የቀልድ መጽሔት ሲጽፍ የተሰጠው ወሰን 100 መስመር ያህል ነበር። በወሰኑ መማረሩ አልቀረም፤ ኋላም ሰፋ ያለ ቦታ ወደሚሰጠው ጋዜጣ ተሻግሯል። ሆኖም በዚያ ጊዜ የጻፋቸው ብዙዎቹ አንድ ቦታና አንድ ግንኙነት ብቻ የያዙ ናቸው፤ የሰዎቹን የትውልድ ታሪክ ለመተረክ መስመር አልነበረውምና።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ወሰን ያስጨነቀው ጀማሪ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ለካስ ሕልም ነበር» ወይም «ለካስ እሷም ሞታ ነበር» የሚል ድንገቴ ያኖራል። እባክዎን ይህን አያድርጉ።

አራሚዋ

አዲስ ይጻፉ የሚለውን እቀበላለሁ፤ አሮጌውን አይንኩት የሚለውን ግን አልቀበልም። ቆሎውና ጉርድ ፎቶግራፉ የሚገኙት ከአሮጌው 800 ቃል ውስጥ ነው። ያንን ያልጻፈ ሰው በኪሱ ምን እንደሚያስቀምጥ አያውቅም ነበር።

ጀማሪ ብዕር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአንድ ሳምንት የጠፋሁት እየጻፍኩ ነው። መስኮቱን መረጥኩ፤ ኪሱንም ወሰድኩ፤ አሁን 986 ቃል ላይ ነኝ። አዲሱ መክፈቻ ይኸውላችሁ፦

«ካፖርቱን ይዘሽ መጣሽ?»
«አዎን ጋሼ።»
«እዚህ ላይ ፈርሚ።»
ሰናይት እስክሪብቶውን ተቀበለች። በሌላ እጇ ኪሱን ዳበሰች።

የእናትየው ነገር አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቀረለት፤ ስቈርጠው ያሰብኩትን ያህል አላመመኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ላብቃ፤ ርዕሱና የምዕራፍ መለያ ኮከቦቹ ከ1,000ው ውስጥ ይቈጠራሉን?

የቀድሞ የአማርኛ መምህር

ኮከብ ቃል አይደለም፤ በ986 ቃል ታሪክ ውስጥ ኮከብ የሚያስፈልገው ቦታ ካለም ያንን ቦታ ደግመው ይዩት፤ ጊዜው ከአምስቱ ደቂቃ ወጥቶ ይሆናል። ርዕሱን በተመለከተ አዘጋጆቹ በማስታወቂያው ካልገለጹ ይቈጠራል ብለው ይያዙት። 14 ቃል ቀርቶዎታል፤ ርዕሱን በሞዴሉ ላይ እንደ ተጻፈው «ካፖርት፣ ያገለገለ» ቢሉት ደግሞ 12 ይተርፍዎታል።