በውጭ አገር መንግሥት ላይ በቀረበ ክስ መጥሪያውን የኤምባሲው ዘበኛ መቀበሉ በቂ ነውን?

ጥያቄ (ከሳሽ)
በአንድ የውጭ አገር ኤምባሲ በሒሳብ ሠራተኛነት ሳገለግል ውሌ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለተቋረጠ፣ ያልተከፈለኝ ደመወዝና ካሳ እንዲከፈለኝ፣ ወደ ሥራዬም እንድመለስ ጠይቄ ክስ መሥርቻለሁ። መጥሪያውን ዘበኛው በር ላይ ተቀብሎ ግልባጩ ላይ ፈርሞልናል፤ በቀጠሮው ቀን ግን ከተከሳሽ ወገን የቀረበ ሰው አልነበረም። ጠበቃዬ ጉዳዩ ተከሳሽ በሌለበት ይታይልን ብለን እናመልክት እያሉ ነው። የመንግሥቱ ዝምታ ያለመከሰስ መብቱን እንደተወ ያስቆጥርበታል?

መልስ (የፍትሐ ብሔር ጠበቃ)
በዘበኛው ፊርማ ላይ ተመሥርታችሁ እንዳታመለክቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ተከሳሹ መንግሥቱ እንጂ ሕንፃው አይደለም፤ የኤምባሲ ቅጥር ግቢም እ.ኤ.አ. በ1961ቱ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ስምምነት መሠረት የማይደፈር ስለሆነ መጥሪያ የሚታደልበት ቦታ አይደለም። በአሜሪካው የጦር መርከብ በዩኤስኤስ ኮል ላይ በደረሰው ጥቃት የተጎዱ ባሕርተኞች ሱዳንን አሜሪካ ውስጥ ከሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ314 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈርዶላቸው ነበር። ሆኖም መጥሪያው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ተብሎ የተላከው ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲ አድራሻ ስለነበር፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 መጥሪያው በቀጥታ በአገሩ ወደሚገኘው የሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት መላክ ነበረበት በማለት ለከሳሾቹ የተሰጠውን ውሳኔ ሽሮታል። የዓመታት ድካም በአድራሻ ምክንያት እንዲህ ሲፈርስ ማየት ያማል።

በእንግሊዝ ሕግ መጥሪያው በራሷ በእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኩል ለተከሳሹ አገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይተላለፋል፤ የመልስ መስጫው ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው ከደረሰ ሁለት ወር በኋላ ነው። በአሜሪካ ለመልስ 60 ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ጠበቃዎ መጀመሪያ ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ዘንድ የእናንተ ሕግ የሚፈቅደውን የዲፕሎማሲ መንገድ ያጣሩ፤ አዲስ ቀጠሮም ሰፋ ያለ ጊዜ ተሰጥቶበት ይጠየቅ።

ዝምታውን በተመለከተ፣ ከለላውን (ያለመከሰስ መብቱን) እንደመተው አይቆጠርም። ተከሳሹ ባይቀርብም ፍርድ ቤቱ የዳኝነት ሥልጣን እንዳለው በራሱ አነሳሽነት ይመረምራል፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከሳሹ መብቱን ዳኛውን በሚያሳምን ማስረጃ ካላስረዳ፣ ተከሳሹ ስለቀረ ብቻ አይፈረድለትም።

መልስ (የሥራ ክርክር ባለሙያ)
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን በክሱ የተጠየቀው ዳኝነት፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልዎ የጠየቁት ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2004 ያጸደቀው የመንግሥታት ከለላ ስምምነት 30 አገሮች እስኪያጸድቁት ድረስ በሥራ ላይ የማይውል ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቶች የሚመለከቱት ሰነድ ነው። በእርሱ አንቀጽ 11 መሠረት የሥራ ውል ክርክር በመርሕ ደረጃ ከለላ አያገኝም፤ ነገር ግን መቀጠርን፣ ውል ማደስንና ወደ ሥራ መመለስን የሚመለከት ጥያቄ ከለላው እንደተጠበቀ ይቆያል። መንግሥትን እገሌን በኤምባሲህ አስቀምጥ ብሎ ማዘዝ ሉዓላዊነቱን ይነካልና። ስለዚህ ወደ ሥራ የመመለሱን ጥያቄ ትታችሁ ክሱን በደመወዝና በካሳ ላይ ብታሻሽሉት፣ ለመቃወሚያ የሚከፈተው በር ይጠባል። ዜግነትዎም ወሳኝ ነው፤ የቀጣሪው መንግሥት ዜጋ ከሆኑና እዚህ በቋሚነት የማይኖሩ ከሆነ ሁኔታው ይለወጣል።

ጠያቂው በድጋሚ
ዜግነቴ የዚህ አገር ነው። ውሉ ላይ ግን «ተዋዋዮች በዚህ አገር ፍርድ ቤት ለመዳኘት ተስማምተዋል» የሚል ቃል አለ። ከተፈረደልኝ ደመወዛችን ይከፈልበት የነበረውን የኤምባሲውን የባንክ ሒሳብ ማሳገድ እችላለሁ?

መልስ (የአፈጻጸም ችሎት ልምድ ያለው)
ውሉ ላይ ያለው ቃል ለመዳኘት መስማማትን እንጂ ፍርዱን ለማስፈጸም ንብረት እንዲያዝ (ለአፈጻጸም) መስማማትን አያሳይም፤ ሁለቱ ለየብቻ መገለጽ አለባቸው። ኤምባሲው ለዕለት ሥራው የሚጠቀምበት ሒሳብ ደግሞ የንግድ ንብረት ተደርጎ ስለማይታይ በአፈጻጸም አይያዝም። አርጀንቲና በቦንድ ሰነዶቿ ከለላዋን ብትተውም፣ በ2012 አበዳሪዎች ጋና ቴማ ወደብ ላይ ያስያዙት የባሕር ኃይሏ ማሠልጠኛ መርከብ ሊበርታድ በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በታኅሣሥ ወር ተለቅቋል። ለእርስዎ የሚያዋጣው መንግሥቱ እዚህ አገር ውስጥ ለንግድ የሚጠቀምበት ሌላ ንብረት ካለ ከአሁኑ ማጣራት፣ ፍርዱንም ልክ እንደ መጥሪያው በውጭ ጉዳይ በኩል ማድረስ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በመሥሪያ ቤቶች መካከል በሚደረግ የጽሑፍ ልውውጥ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ።