ባል ማዋለጃ ክፍል ይግባ ወይስ ደጅ ይጠብቅ?

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የዛሬው ክርክራችን ይህ ነው። በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት ምጥ የያዛት ሴት ማዋለጃ ክፍል ስትገባ ባሏም እናቷም ከበር ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ እናት በምጥና በወሊድ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ይህ በእኛም አገር መብት ሆኖ ይከበር? ሐሳባችሁን አምጡ።

አዋላጅ ነርስ፦ እኔ እቃወማለሁ። የምሠራበት ክፍል አራት አልጋ አለው፤ በመሃላቸው መጋረጃ የለም። የአንዷ ባል ሲገባ የሌሎቹ ገላ ይታያል። እነሱስ መብት የላቸውም? ደግሞ ምጥ ሲጠና ባል ይደነግጣል። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ አንድ ነገር አድርጉላት እንጂ!» ብሎ ይጮኻል። ራሱን ስቶ የወደቀም አንስተናል። ሌሊት ሁለት ሆነን ስንሠራ እናቲቱን እናዋልድ ወይስ ባልየውን እናረጋጋ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ሲስተር፣ የሥራ ጫናችሁን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። ግን የነገሩን እኮ የመጋረጃ እጥረትን ነው። መጋረጃ ይሰቀላ! ዘንግና ጨርቅ ነው። መጋረጃ ስለሌለ ሴት ብቻዋን ታምጥ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ አደረ። የሚጠራው ዕቃ ሲጎድል ብቻ ነበር። ጓንት ግዛ፣ ይህን መድኃኒት ከውጭ ፈልግ፣ ደም የሚሰጥ ሰው አዘጋጅ። ሊነጋ ሲል ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሎ ተጠራና ወረቀት ፈረመ። በምን ሁኔታ ላይ እንዳለሁ ሳያየኝ ነው የፈረመው። ለፊርማ የሚፈለግ ሰው እጄን ለመያዝ እንዴት አይፈለግም? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለአባት የ3 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቶታል። አንዱን ቀን አጥር ተደግፎ ይጨርሰዋል።

ሌላም አለ፤ ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ወገቤ ሊቆረጥ ሲደርስ ጮኽኩ። «ያኔ መች ጮህሽ?» ተባልኩ። ብዙዎቻችን ይህን ሰምተናል። እናቴ ወይም ባለቤቴ አጠገቤ ቢኖሩ ያ ቃል ከማንም አፍ አይወጣም ነበር። አብሮ የሚገባ ሰው ወገብ ያሻል፣ ውኃ ያቀብላል፣ ደግሞም ምስክር ነው።

ከሜሪላንድ የምጽፍ አባት፦ እዚህ አባት መግባቱ የተለመደ ነው። ጋውን አልብሰው አስገቡኝ፤ ከራስጌዋ ቆሜ እትብቱን እኔ ቆረጥኩ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ነርሷ የት እንደምቆምና ምን እንደማደርግ አስቀድማ ነገረችኝ። የሚጮኸው ባል ማንም ምንም ያልነገረው ባል ነው። በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) ኮሮና ሲገባ ኒውዮርክ ያሉ አንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ባሎችን ከልክለው ነበር። ሕዝቡ ጮኸ፤ የግዛቱ ገዥ በዚያው ወር ማብቂያ በትዕዛዝ አስነሱት። በዚያ ጭንቅ እንኳ አንድ ሰው መግባት ችሏል።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከጎንደር፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ባል ባል ትላላችሁ። በእኛ ዘመን የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነበር። ወንድ እልልታ እስኪሰማ ደጅ ነው። ውስጥ ግን ሴቱ ሞልቶ «ማርያም፣ ማርያም» እያለ ይማጠናል፣ አንዷ ከኋላ ትደግፋለች፣ አንዷ ገንፎ ታዘጋጃለች። ሴት ብቻዋን አምጣ አታውቅም። ሐኪም ቤት ነፍስ ያድናል፤ ይህን አልክድም፣ ስንት እህቶቻችንን ደም ሲፈስሳቸው ቀብረናል። ነገር ግን ብቻዋን ያስተኛታል። በ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ብቻ ነበሩ። ርቀቱም ድህነቱም አለበት። ይህ ፍርሃትም አለበት። ጤና ጣቢያዎች ገንፎና ቡና ማስገባት የጀመሩት ለምን ሆነና? ገንፎውን ካስገባችሁ ገንፎውን የምታገነፋዋን እናት ምን ከለከላችሁ?

አዋላጅ ነርስ፦ እማማ፣ ይህ ልቤን ነክቶታል። እናት ወይም እህት ትግባ ቢባል ዛሬውኑ እስማማለሁ። ባሎች ግን ክፍሉ እስኪስተካከል ይቆዩ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለጊዜው እሺ ልበል፣ ግን «እስኪስተካከል» ስንት ዓመት ነው? ቀን ይቆረጥለት። እናቷ የሞተችባት፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ከባሏ ሌላ ሰው የሌላት ሴት ማንን ታስገባ? ደግሞ ሥራ ይጨምርባችኋል የሚለው ተቃራኒው ነው የታየው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከ15 ሺህ በላይ እናቶች የተካተቱባቸውን ጥናቶች ገምግሞ ነበር። የሚደግፋት ሰው ከጎኗ ያልተለየ እናት ምጧ ያጥራል፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏም ይቀንሳል።

አዋላጅ ነርስ፦ ይሁን። አንድ ነገር ግን አለቅም። ማን ይግባ የሚለውን እሷ ብቻዋን ሆና ትጠየቅ። የሚደበድባት ባል አጠገቧ ቆሞ «ይግባ ወይ?» ስትባል እምቢ የምትል ሴት ጥቂት ናት። «አስወጡልኝ» ብላ በዓይኗ የለመነችኝ አለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ በዚህስ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንግዲያው በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ለብቻዋ ትጠየቅና የመረጠችው ሰው ካርዷ ላይ ይጻፍ። ሐሳቧን ከቀየረችም በማንኛውም ሰዓት ይሰረዝ። ሌሊት በር ላይ ያለው ጥበቃም ካርዱን አይቶ ያስገባ።