ልጆቻችንን የሚመስል ሰው ያለበት ሰፈር፦ እንሂድ ወይስ እንቆይ?

ጠያቂዋ እናት

ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። እኔ ጥቁር ነኝ፤ ባለቤቴ ነጭ ነው። ትልቋ ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ሦስት ሞላው። ያለንበት ሰፈር ጸጥ ያለ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ትምህርት ቤቱም የተመሰገነ። ግን ልጄ ክፍል ውስጥ ከእሷ በቀር ጠየም ያለ ልጅ የለም።

ባለፈው ሳምንት "ቤተሰባችሁን ሳሉ" ተብለው ሥዕሏን ይዛ መጣች። እኔን ቡናማ ቀብታኛለች። አባቷን ፈካ ያለ ሮዝ። ራሷንና ወንድሟን ግን ሳትቀባ ተወቻቸው። የእርሳስ መስመር ብቻ። "የእናንተን ረሳሽው እንዴ?" አልኳት። "አልረሳሁትም፤ የእኛ ቀለም ሳጥኑ ውስጥ የለም" አለችኝ። ይህን ብላ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን ከየአገሩ የመጣ ሰው ተደባልቆ የሚኖርበት አንድ ሰፈር አይተናል። እዚያ ከሄድን ቤቱ ሁለት መኝታ ብቻ ይሆናል። ባለቤቴን ለሥራ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ይጠብቀዋል። እሱ "ፍቅር ያለበት ቤትና ጥሩ ትምህርት ቤት ይበቃቸዋል" ይላል። እኔ አይበቃቸውም ባይ ነኝ። በተለይ እናንተ ያለፋችሁበት ምን ትላላችሁ?

ሰፈር የቀየረ አባት

እህቴ፣ ሂዱ። ሁለቴ አታስቢ።

የእኔ ልጅ በድሮው ትምህርት ቤቱ ጸጉሩን ያልነካው ልጅ አልነበረም። ተራ እየጠበቁ ነበር የሚነኩት። ለአስተማሪዋ ስነግራት "ወደውት እኮ ነው" አለችኝ። ልጄ ግን ኮፍያ ካላደረግሁ አልሄድም ማለት ጀመረ። በበጋ ሙቀት፣ ኮፍያ! ሰፈር ከቀየርን በሦስተኛው ሳምንት ኮፍያውን መኪና ውስጥ ረስቶት ወረደ። እኔም አላስታወስኩትም።

ደግሞ ልጆቻችን ብቻቸውን አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉ ሕጎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻሩት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያኔ 16 ክፍላተ ሀገር ሕጉ ነበራቸው። በሕዝብ ቆጠራው ላይ አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዘር መምረጥ የተፈቀደለት በ2000 ነው። በ2010 እንዲህ ብለው የመዘገቡት 9 ሚሊዮን ነበሩ፤ በ2020 33.8 ሚሊዮን ሆኑ። ሁሉም በእነዚያ ዓመታት የተወለደ አይደለም፤ የጥያቄው አቀራረብና የመልሱ አመዘጋገብም ተቀይሯል። ቢሆንም ልጆቻችንን የሚመስሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቦታ አለ። ቦታው እያለ ልጅሽ ለምን ብቻዋን ትሁን?

አስተማሪዋ

ሐሳብዎን እረዳለሁ ወንድሜ። ግን "ሁለቴ አታስቢ" በሚለው አልስማማም። ይታሰብበት።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሌለ ዘር የለም። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ያምራል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ግቡና እዩ። ጥቁሮቹ በመስኮቱ በኩል፣ ነጮቹ መሐል፣ እስያውያኑ በበሩ አጠገብ። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላላቸውም። ከአምስተኛ ክፍል በታች ያሉት ተደባልቀው ነው የሚበሉት። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ይለያያሉ። ያን ጊዜ ሳህኑን ይዞ ቆሞ የት እንደሚሄድ የሚጠፋበት ልጅ አለ። ብዙ ጊዜ ክልሱ ልጅ ነው። አይቼዋለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል።

ቶማስ ሼሊንግ የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር በ1971 ያሳተመው ጥናት አለ። ሁለት ዓይነት ሳንቲሞችን በዳማ ሰሌዳ በሚመስል ሠንጠረዥ ላይ በተናቸው። እያንዳንዱ ሳንቲም የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ ከጎረቤቶቼ የተወሰኑት እኔን ይምሰሉ። ያልተመቸው ሳንቲም ቦታ እንዲቀይር አደረገ። ሌላውን የሚጠላ አንድም ሳንቲም አልነበረም። መጨረሻ ላይ ግን ሳንቲሞቹ ለየብቻቸው ተሰባስበው ተገኙ። ስለዚህ እህቴ፣ ከተማው ወይም ሰፈሩ ስንት ከመቶ ቅልቅል ነው የሚለው ብቻውን ብዙም አይነግርሽም። ልጅሽ የምትቀመጥበትን ጠረጴዛ እዪ።

ሳይሄድ የቀረ አባት

እግዜር ይስጥልኝ አስተማሪዋ።

እኛም ይኸው ጥያቄ ነበረብን። ቀረን። ምክንያቴ ቀላል ነው። እኔ አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤት እገባለሁ። ልጆቼን አጥባለሁ፣ የቤት ሥራ አያለሁ፣ የዋሉበትን እሰማለሁ። ብንሄድ ኖሮ ተኝተው ነበር የማገኛቸው። አንድ ልጅ ስለ ቀለሙ ቅስሙን የሚሰብር ነገር ሲባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚሰማው አባት ነው። አውቶቡስ ላይ ያለ አባት አይሰማውም።

ሮበርት ፑትናም የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በ2007 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ በጣም በተደባለቁ ሰፈሮች የሚኖሩ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ዝቅ ብሎ ነው ያገኘው። በራሳቸው ዘር ላይ ያላቸው እምነት ጭምር ነው ዝቅ ያለው። ውሎ አድሮ ይሻሻላል ብሎ እንደሚያምን እሱ ራሱ ጽፏል። ልጅነት ግን ውሎ አድሮን አይጠብቅም።

ሌላም አለ። ሁላችን ተነቅለን ከሄድን፣ ከእኛ በኋላ እዚህ የሚወለደው ልጅ ይበልጥ ብቻውን ነው የሚሆነው።

ሰፈር የቀየረ አባት

ወንድሜ፣ ይህችን የመጨረሻዋን አልቀበልህም። የሰባት ዓመት ልጅ ሰፈር ማስተማሪያ አይደለችም። ትልልቅ ሰዎች እንዲለምዱ ብዬ ልጄን በየቀኑ ጸጉሩን አላስነካም። ትግሉ የእኛ ነው፤ እኛ እንታገል።

ሳይሄድ የቀረ አባት

ልክ ነህ። ያልኩበት መንገድ ጥሩ አይደለም። አነሳዋለሁ። የሰዓቱን ጉዳይ ግን አላነሳም።

ክልስ ሆና ያደገች

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴ ነጭ፣ አባቴ ጥቁር። "ክልስ" የሚለውን ቃል የማይወዱ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ሲሰድቡበትም ሰምቻለሁ። እኔ ከቤት የሰማሁት በፍቅር ስለሆነ አይከብደኝም። ልጆቻችሁ ሲያድጉ ግን ራሳቸው ይምረጡ።

ያደግሁት ጠያቂዋ በምትመኘው ዓይነት ሰፈር ነው። ከሁሉም ዓይነት ሰው ጋር። እና ምን ሆነ? ለነጮቹ ጥቁር ነበርኩ። ለጥቁሮቹ ደግሞ "አንቺ እኮ እንደኛ አይደለሽም"። ያን ያለኝ ልጅ ጎረቤቴ ነው፤ በየቀኑ አብረን ነበር ወደ ቤት የምንሄደው። ሰፈሩ ከዚህ አላዳነኝም።

ያዳነችኝ አንዲት ሴት ናት። ከእኛ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። እሷም እንደኔ። እናቴ ጸጉሬን ማበጠር አትችልበትም ነበር፤ ምስኪን፣ ሁለታችንም እያለቀስን ነበር የምንጨርሰው። አንድ ቀን ይህች ሴት ደረጃው ላይ አየችንና "ስጪኝ" አለቻት። ደረቁን እንደማይበጠር፣ አርጥቦ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚኬድ አሳየቻት። እጇን አስታውሳለሁ። የቆዳዋ ቀለም የእኔ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኖ እኔን የሚመስል ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ ሳድግ እንዲህ ነው የምሆነው አልኩ።

ስለዚህ እኔ "ሂዱ" ነው የምለው። ግን አስተውሉ። ቅልቅልም ዓይነት አለው። ሃዋይ አሜሪካ ውስጥ ቅልቅል ሰው በብዛት ያለባት ናት፤ በ2020 ቆጠራ ሩብ ያህሉ ሕዝብ ከአንድ በላይ ዘር መርጧል። ባራክ ኦባማ በ1961 የተወለደው እዚያ ነው፤ ከካንሳስ ነጭ እናትና ከኬንያዊ አባት። ብዙውን የልጅነት ዕድሜውንም እዚያ ነው ያሳለፈው። ሆኖም በተማረበት ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሃዋይ ቅልቅል በአብዛኛው የእስያ፣ የደሴቶቹና የነጭ ነው። ክልስ መሆን የተለመደ በሆነበት አገር ላይ ያ ልጅ ጥቁርነቱን ለብቻው ነው የተሸከመው። ልጆችሽ የማን ልጆች እንደሆኑ አስበሽ ፈልጊ፤ "ብዙ ዓይነት ሰው አለ" ስለተባለ ብቻ አትሂዪ።

የሥነ ልቦና ተማሪ

"ገና ልጆች ናቸው፣ ቀለም አይለዩም" ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። በ2006 የታተመ የእነ ያይር ባር-ሃይም ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን ነበር ያየው። እስራኤል ያሉ ነጭ ሕፃናት የነጭ ፊት ላይ አተኩረው ቆዩ። ኢትዮጵያ ያሉ ሕፃናት የጥቁር ፊት ላይ። እስራኤል ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ፊት እያዩ የሚያድጉት የቤተ እስራኤል ሕፃናት ግን አንዱን ከሌላው አላስበለጡም። ሦስት ወር! ዓይን የሚለምደው ያየውን ነው። የጠያቂዋ ትንሹ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያይ ቆይቷል።

ሳይሄድ የቀረ አባት

ፊት መልመድ ሌላ፣ ራስን መውደድ ሌላ። የሥነ ልቦና ምሁራኑ ባልና ሚስት ኬኔትና ማሚ ክላርክ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሠሩትን የአሻንጉሊት ሙከራ ታውቂዋለሽ። ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት ቀርቦላቸው፣ ብዙዎቹ ጥቁር ሕፃናት ነጩን "ጥሩው" አሉ። በአገሪቱ ሰሜናዊ ክፍል ከነጭ ልጆች ጋር አብረው የሚማሩትም እንዲሁ ነጩን መርጠዋል። አብሮ መማር ብቻውን ያንን አልፈወሰውም።

የሥነ ልቦና ተማሪ

እውነት ነው። በዚያ ዘመን ግን የሰሜኑ ልጅ ከክፍሉ ሲወጣ የሚያየው ዓለም ያው ነበር፤ አለቃው ሁሉ ነጭ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንዲህ አለ፦ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ጥላቻ አይቀንስም። እኩል ደረጃ ላይ ሆነው፣ ለአንድ ዓላማ፣ ተባብረው ሲሠሩ፣ ከላይ ያለው አካልም ሲደግፋቸው ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ያያችሁትን ሰፈር መዝኑት። ርእሰ መምህሩ ማን ነው? አስተማሪዎቹስ? ወይስ ጠቆር ያለው ሰው ሁሉ ጽዳት ላይ ነው ያለው? ልጅ ይህንን ሳይነገረው ነው የሚያነበው።

አስተማሪዋ

ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ "ሚስ፣ እኔን የምትመስል አለቃ ሆና አይቼ አላውቅም" ብላኛለች። አሥር ዓመት ሙሉ ቅልቅል ትምህርት ቤት ተምራ።

እህቴ፣ ከመወሰንሽ በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መውጫ ሰዓት ላይ ቁሚ። ልጆቹ እነማን እነማን ሆነው ነው የሚወጡት? ወላጆችስ ከማን ጋር ቆመው ነው የሚያወሩት? ቅዳሜ ደግሞ መጫወቻ ሜዳው ሂዱ።

ጠያቂዋ እናት

ሁላችሁንም አነበብኩ። ባለቤቴም ተርጉሜለት ሰማ። ስለ ደረጃው ሴት ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ "የእኛ ልጅ ሳድግ ምን እሆናለሁ ብላ የምታየው ማንን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዓርብ መውጫ ሰዓት ላይ ሄድን። አስተማሪዋ እንዳሉት በሩ ላይ ቆምን። ትንንሾቹ ተደባልቀው እየተጋፉ ወጡ። ትልልቆቹ ለየብቻ ነበሩ፤ አልዋሻችሁም። ምክትል ርእሰ መምህሯ ጥቁር ናት፤ በሩ ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራች ትሸኛለች። ወላጆቹ በየቋንቋቸው ተቧድነው ነበር። አንድ አባት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ የጠፋ ጃኬት ያፈላልግ ነበር፤ ሁሉም ይረዱታል።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ አዋልናቸው። ልጄ ዥዋዥዌ ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተጣላች፤ ተራዬ ነው ተራሽ አይደለም። የዚያች ልጅ ጸጉር እንደ እሷ ነው። ታረቁ፤ አብረው ሲሮጡ ዋሉ። ማንም "እናትሽ የትኛዋ ናት?" አላላትም። እኔንም "ሞግዚቷ ነሽ?" ያለኝ የለም። ያለንበት ሰፈር ሁለቴ ተብያለሁ። ማታ መኪና ውስጥ እንዴት ነበር ስላት "ጫማዬ ውስጥ አሸዋ ገብቷል" ብቻ አለችኝ።

እኔ ልሂድ ባይ ነኝ። ባለቤቴ ወደዚያው እያዘነበለ ነው። ያለንበትን ቤት ሳንሸጥ አከራይተን ለሁለት ዓመት እንሞክረው ብለናል።

ሳይሄድ የቀረ አባት

መልካም ይሁንላችሁ እህቴ፤ ከልቤ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ባለቤትሽ መንገዱን በሥራ ቀን ሞክሮታል? ስንት ሰዓት ነው ቤት የሚገባው?

ጠያቂዋ እናት

አልሞከረውም። ዓርብ ዕረፍት ወስዶ ነበር። ሰኞ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ እዚያ ድረስ ሄዶ ሰዓቱን ይይዛል። ከአንድ ሰዓት በፊት ከደረሰ ልጆቹ አይተኙም።

ሰፈር የቀየረ አባት

እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት እንድሠራ አለቃዬን ጠይቄ ነው ያስፈቀድኩት። መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር። ደብዳቤውን እንዴት እንደጻፍኩት ልላክልሽ?

ጠያቂዋ እናት

ላክልኝ። ዛሬ ማታ አብረን እናነበዋለን።