ሶሪያሲስን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ ቅባት አለ?

የሐይቅ ዳሯ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክርኔና ጉልበቴ ላይ ብርማ ቅርፊት ያለው ወፍራም ነገር ከወጣ ቆየ። ራሴ ላይ ያለውን ሁሉም ፎረፎር ነው ይለኛል። መጀመሪያ ጭርት ነው ተብሎ የፈንገስ ቅባት ተሰጠኝ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በኋላ አንድ የቆዳ ሐኪም ናሙና አስወስዶ «ሶሪያሲስ ነው፣ አብሮሽ ይኖራል» አለኝ። ወረፋው ብዙ ስለነበር ከዚያ በላይ አላወራንም። ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅ ይጋባል ብላ ማበጠሪያ ለየችብኝ። አንዱ ደግሞ በቴሌግራም «ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል» እያለ ስም የሌለው ነጭ ብልቃጥ ይሸጣል። ከፋሲካ በኋላ ሠርጌ ነው። ልግዛው? ለልጅስ ይተላለፋል?

መምህር ጠመኔ (አርባ ምንጭ)፦
እህቴ፣ አስቀድሞ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ አለብኝ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ትከሻዬ ላይ የሚረግፈው ለተማሪዎቼ የጠመኔ ብናኝ ይመስላቸዋል። እኔም ዝም ነው።

አይጋባም። በማበጠሪያም፣ በፎጣም፣ በአልጋም። ጀርም አይደለማ! የገዛ ሰውነታችን መከላከያ ነው ያለ ጠላት የሚዋጋው፤ በዚህ ምክንያት ቆዳው ይቸኩላል። ጤነኛ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ የእኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሳል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስና ይደራረባል። መጻሕፍት ላይ ቀይ ነው ይላሉ። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ወደ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ስለሚያደላ ነው ከሌላ ነገር ጋር የሚምታታው። ሲሻልሽ ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። እሱ በጊዜ ይለቃል፣ ማቅያ ቅባት እንዳትነኪ።

ቆዳ በተቧጨረበትና በተጎዳበት ቦታ አዲስ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሹሩባውን ላላ አድርጋ ትሥራሽ። ማበጠሪያ መለየቷ እንኳን ለሌላ ነገር ይጠቅማል፣ በእሱ አትጣያት።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔን ክፉኛ የቀሰቀሰብኝ ክሎሮኪን ነው። ወባ ይዞኝ ወሰድኩ፣ ከሳምንታት በኋላ ጀርባዬን ሙሉ ወረሰው። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ግን ሀዋሳም ወባ አያጣምና ከያዘሽ ሶሪያሲስ እንዳለብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ወባን ሳይታከሙ መቀመጥ ግን የለም!

ፋርማሲስቷ፦
ብልቃጡን አትግዢ። እንዲህ ያለው ስም አልባ ቅባት ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ሊኖር ይችላል። ቶሎ ያጠራልሻል፣ ስታቆሚው ብሶበት ይመለሳል፣ ቆዳሽንም ያሳሳዋል። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ክሎቤታሶል የሚባለውን ስቴሮይድ ሐኪሞች ለክርንና ለራስ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በልክ ያዙታል። ቅርፊቱን ለማለስለስ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ቅባት አለ። ገላሽን ታጥበሽ እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቢ፤ ርካሽ ነው ብለሽ አትናቂው።

ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት ሊጽፉልሽ ካሰቡ ልታገቢ መሆኑን ንገሪያቸው። ጽንስ ስለሚጎዳ ለማርገዝ ላሰበች ሴት አይሰጥም። ለሶሪያሲስ የሚወሰደውም በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል።

ስደተኛዋ (ሪያድ)፦
የእኔ ከቶንሲል በኋላ ነው የጀመረኝ፣ ሰውነቴ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ። ጭንቀት ሲበዛብኝ ይነሣል። ለሠርጉ ብለሽ ብዙ አትጨነቂ የኔ እህት፣ እሱም ይቀሰቅሰዋል።

የሐይቅ ዳሯ፦
ተባረኩልኝ። ብልቃጡ ቀርቷል። ጋሼ መምህር፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ያብጡና አልታጠፍ ይሉኛል፤ ጥፍሬም እንደተወጋ ብስትስት ብሏል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መምህር ጠመኔ፦
በደንብ ሊገናኝ ይችላል። ይህንን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትቆዪ። መገጣጠሚያ የሚይዝ የሶሪያሲስ ዓይነት አለ። ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያውን ያበላሻል፣ የተበላሸውን ደግሞ ቅባት አይመልሰውም። እዚያው የሚያይሽ ካጣሽ ሪፈር አስጽፊ፤ አዲስ አበባ ያለው አለርት በቆዳ ሕክምና የቆየ ሆስፒታል ነው።

የልጁን ጉዳይ ረስቼው። በዘር የመውረድ ነገር አለው። ግን አንዱ ወላጅ ብቻ ካለበት አብዛኞቹን ልጆች አይዛቸውም፤ የእኔ ሁለቱም የለባቸውም። አንቺ አሁን ጣትሽን አሳዪ። የእጅ ራጅ ካዘዙልሽ ከሠርጉ በኋላ ብለሽ እንዳታሳድሪው።