ስፐርም ሲሠራ ፕሮቲን የሚፈርሰው ለምንድን ነው?

ሚጡ_ባዮ፦
ሰላም ቤተሰብ። የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሰሞኑን ስለ ስፐርም አፈጣጠር እየተማርን ነው። መምህራችን "ስፐርም እንዲፈጠር ብዙ ፕሮቲን መፍረስ አለበት" ብሎ ሳያብራራ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። አልገባኝም። በቀን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ስፐርም የሚያመርት አካል የሠራውን ፕሮቲን መልሶ ሲያፈርስ ትርፉ ምንድን ነው? ጎግል ሳደርገው ደግሞ የሚመጣልኝ የጂም ፕሮቲን ዱቄት ማስታወቂያ ብቻ ነው። የሚያስረዳኝ ካለ በናታችሁ፣ ፈተና ደርሷል።

ጡንቻው፦
ሃሃ የዱቄቱ ደንበኛ እኔ ነኝ። እኔም ልጠይቅ እስቲ፣ ፕሮቲን በብዛት ብወስድ ስፐርም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ጂም ውስጥ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው።

የላብ_ሰው፦
ሚጡ፣ መምህርሽ ልክ ነው። ምናልባት ያልነገራችሁ፣ የሚፈርሰው የተበላሸ ፕሮቲን ብቻ አለመሆኑን ነው። ጤነኛው ፕሮቲንም ሥራውን ከጨረሰ ይወገዳል፣ ካልተወገደ ቀጣዩ ደረጃ አይጀመርም።

ዋናው ምሳሌ ሂስቶን ነው። በሌላው የሰውነታችን ሴል ውስጥ ዲኤንኤ የሚቀመጠው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ነው። ለስፐርም ግን ይሄ አይሆንም፣ ቦታ ይፈጃል። የሰው ስፐርም ጭንቅላት ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፣ የአባትየው ግማሽ ዲኤንኤ ሙሉውን እዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ሂስቶኖቹ ላይ አሴታይል የሚባል ኬሚካል ይለጠፍባቸዋል፣ ዲኤንኤውን የያዙበት ይላላል፣ ከዚያ ይወጣሉ። ለጊዜው ሌሎች መሸጋገሪያ ፕሮቲኖች ይተኳቸዋል፣ በመጨረሻ ፕሮታሚን የሚባሉት ትናንሾቹ ገብተው ዲኤንኤውን እምቅ አድርገው ያሽጉታል። በሰው ስፐርም ውስጥ የሚቀረው ሂስቶን ከ5 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ነው።

የወጣው ሂስቶንስ የት ይሂድ? እዚህ ላይ ነው ፕሮቲያሶም የሚመጣው። በርሜል የሚመስል፣ ውስጡ መቁረጫ ያለው ግዙፍ የፕሮቲን ስብስብ ነው። በተለመደው መንገድ፣ መወገድ ያለበት ፕሮቲን ላይ ዩቢኩቲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ ፕሮቲያሶሙ ያንን ምልክት አይቶ ይስበውና ይከታትፈዋል። በእስራኤል የሀይፋ ከተማ ተመራማሪዎቹ አሮን ቺካኖቨርና አቭራም ሄርሽኮ ከአሜሪካዊው አርዊን ሮዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ቆለጥ ውስጥ ግን ሌላም መንገድ አለ። ፒኤ200 የሚባል ፕሮቲን ከፕሮቲያሶሙ ጫፍ ላይ ይገጠምና አሴታይል ያለባቸውን ሂስቶኖች ራሱ ለይቶ ያስገባል፣ ዩቢኩቲን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጥ ላይ ነው የታየው። እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ሂስቶኑን ከዲኤንኤው ያላቀቀው ያው ምልክት ነው ለማፍረስም የሚጠራው።

ሚጡ_ባዮ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ግን ባይፈርስስ? እዚያው ሴሉ ውስጥ ቢቀር ምን ያመጣል?

የላብ_ሰው፦
መካንነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ዩቢኩቲን በመለጠፍ ሥራ የሚያግዘውን ኤችአር6ቢ የሚባል ኢንዛይም እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ነበሩ። ሴቶቹ ወለዱ፣ ወንዶቹ መከኑ። ፈተና ላይ ቢመጣብሽ ይቺን ጻፊ፣ ነጥብ ታስገኛለች።

ነገሩ ደግሞ ከሂስቶን በፊት ነው የሚጀምረው። ሚዮሲስ ላይ፣ ማለትም የክሮሞሶም ቁጥር በግማሽ በሚቀንስበት የሴል ክፍፍል ላይ፣ ክሮሞሶሞቹን አጣብቀው የያዙ ፕሮቲኖች አሉ፣ አንዱ ሬክ8 ይባላል። እሱን የሚቆርጠው ሴፓሬዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ ሴፓሬዝን ደግሞ ሴኩሪን የሚባል ፕሮቲን አፍኖ ይዞታል። መጀመሪያ ሴኩሪን በፕሮቲያሶም ይፈርሳል፣ ሴፓሬዝ ይለቀቃል፣ ሬክ8 ይቆረጣል፣ ክሮሞሶሞቹ ይለያያሉ። ሰዓቱን ካልጠበቀ አንዱ ሴል ክሮሞሶም ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ሴሉ ትርፍ ሳይቶፕላዝሙን (ከኒውክለሱ ውጭ ያለውን የሴሉን ይዘት) ራሱ ቆርጦ ይጥላል፣ አጠገቡ ያለው፣ ስፐርሞቹን የሚንከባከበው ሰርቶሊ ሴል ይውጠዋል። ሳይጣል የቀረበት ስፐርም በማይክሮስኮፕ ያስታውቃል፣ አንገቱ ጋ እብጥ ያለ ነገር ተሸክሞ ታይዋለሽ። እሱ እብጠት ውስጥ የቀሩት ኢንዛይሞች ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶች እንዲበዙ ያደርጋሉ፣ እነሱ ደግሞ የራሱን ሽፋንና ዲኤንኤ ይጎዳሉ። ስፐርም አንዴ ከታሸገ በኋላ ጂኖቹ ዝም ስለሚሉ እንደሌላው ሴል አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ራሱን መጠገን አይችልም። ስለዚህ መጣል ያለበት ሁሉ አስቀድሞ መጣል አለበት።

ጡንቻው፣ አልረሳሁህም። የምትበላው ፕሮቲን ሆድህና አንጀትህ ውስጥ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈጫል፣ ከዚህኛው ጋር አይገናኝም። ዱቄቱን ጠጣ። መርፌው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ቴስቶስትሮን ከውጭ ስትወጋ አንጎልህ "በቂ አለ" ብሎ ቆለጥን የሚያዙትን ሆርሞኖች ይቀንሳል፣ ስፐርም ማምረቱ ይወርዳል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ዜሮ ይገባል።

ጡንቻው፦
መርፌ የሚባል አልነካሁም፣ ምስክሬ እግዜር ነው። የሚነኩትን ግን አውቃለሁ፣ ይሄን ስክሪንሾት አድርጌ እልክላቸዋለሁ።

ኪያ_ነርስ፦
የላብ ሰው፣ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ልጅ ፈልገው የሚመጡ ባልና ሚስቶች አሉ፣ የባልየው ውጤት ላይ "ፈሳሹ በጊዜው አልቀጠነም" ይላል። ይሄም የፕሮቲን መፍረስ ጉዳይ ነው? ሁለተኛ፣ ፕሮቲያሶምን ማገድ ከተቻለ ለወንዶች የእርግዝና መከላከያ አይሆንም?

የላብ_ሰው፦
የመጀመሪያው አዎ፣ ግን ከሴል ውጭ ነው። የዘር ፈሳሽ እንደወጣ ሴሜኖጀሊን የሚባል ፕሮቲን ያረጋዋል፣ ከፕሮስቴት የሚመጣው ፒኤስኤ ደግሞ ያንን ፕሮቲን ቆራርጦ ያቀጥነዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። 60 ደቂቃ አልፎ ካልቀጠነ ነው ሪፖርት ላይ የሚጻፈው። ያ ብቻውን መካን ማለት አይደለም፣ ባልየውን እንዳታስደነግጪው።

ሁለተኛው ይከብዳል። ፕሮቲያሶም ሁሉም ሴል ውስጥ አለ። ቦርቴዞሚብ የሚባለው መድኃኒት ያግደዋል፣ ግን የሚሰጠው መልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የደም ካንሰር ነው፣ ነርቭና የደም ሴሎችንም ይጎዳል። ለጤነኛ ሰው ማን ያዝዘዋል? የሚያጓጓው፣ ቆለጥ ውስጥ ያለው ፕሮቲያሶም አንዱ ክፍሉ ከሌላው አካል የተለየ መሆኑ ነው፣ ፒኤስኤምኤ8 ይባላል። እሱን ያጡ ወንድ አይጦች መካን ሆነዋል። እሱን ብቻ ለይቶ የሚያግድ መድኃኒት ቢገኝ ወሬው ይቀየራል።

ሚጡ_ባዮ፦
ስክሪንሾቱን ለክላሱ ግሩፕ ላክሁት፣ ሴኩሪንና ሴፓሬዝን ግን አሁንም እያምታታሁ ነው። ነገ ፈተና ስጨርስ ተመልሼ እጠይቃለሁ።