ልጄን ለጥቂት ቀናት የሚያስጠጋልኝ ቤተሰብ እንዴት ላግኝ?

የምኖረው በባሕር ዳር ፋሲሎ አካባቢ ሲሆን፣ ሴሬብራል ፓልሲ የተባለው የአንጎል ጉዳት ያለበትን የ7 ዓመት ልጄን ብቻዬን አሳድጋለሁ። ልጄ የሚመገበው አንገቱ ተደግፎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ እየተሰጠው ስለሆነ፣ አንዱ ማዕድ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ቸኩለው ካጎረሱት ትን ይለዋል። ሌሊትም ጎኑ እንዳይቆስል እየተነሣሁ አገላብጠዋለሁ።

አሁን ሐኪም የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀን ቆርጦልኛል፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ልጄን ማንሣት አልችልም። ጎረቤቶቼ በደስታም በሐዘንም የማይለዩኝ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ እርሱን ማብላት ግን ያስፈራቸዋል፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ዕድራችንም የሚረዳው ለለቅሶ ነው።

በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረ አንድ አሠራር፣ በጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦች የተቸገረ ወላጅን ልጅ ያለ ክፍያ ለጊዜው ተቀብለው እንደሚያቆዩ፣ የወላጅነት መብቱም ከወላጁ እንደማይወሰድ አንብቤአለሁ። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ልጄን አሳልፌ መስጠት አልፈልግም።

ስለዚህ በከተማችን በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በማኅበር በኩል እንዲህ ያለ ቤተሰብ የምታውቁ፣ ወይም ራሳችሁ ፈቃደኛ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። አስቀድመው ቤቴ እየመጡ አመጋገቡን ቢለማመዱልኝ እመርጣለሁ። ስምምነቱን በጽሑፍ ለማድረግ የት መሄድ እንዳለብኝ የምታውቁም ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።